ዕቃ፣ ዕቃ ቤት፣ ተረኛ፦ ስለ ጽሑፋዊ በይነ ገጽ ስያሜዎች

መግቢያ

የቃላት ካርድ በእጁ ሲሞላ የኖረ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ያንኑ ካርድ በኮምፒዩተር ሲሞላ የሚያየው ገጽ ሁልጊዜ በሥዕል ያጌጠ አይደለም። በጥቁር መደብ ላይ በፊደልና በመስመር ብቻ የተሠራ፣ ያለ መዳፊት በቁልፍ ብቻ የሚታዘዝ ገጽም አለ። በላዩ «ቃል»፣ «የቃል ክፍል»፣ «ፍች»፣ «ምሳሌ» የሚሉ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው፣ ከግርጌው ሁለት ወይም ሦስት አዝራሮች ይታያሉ። ይህን የመሰለውን ገጽ በዚህ ጽሑፍ «ጽሑፋዊ በይነ ገጽ» እንለዋለን። «በይነ ገጽ» የሚለው ቃል ከግእዙ «በይነ» ተበጅቶ በሥራ ላይ የዋለ በመሆኑ እንደገና መፈልሰፍ አያሻውም።

እንዲህ ያለው ገጽ ያለፈ ዘመን ቅርስ ብቻ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ። በሩቅ ያለ ኮምፒዩተር በቀጭን መስመር ሲታዘዝ፣ ሥዕላዊ ገጽ በሌለበት መኪና ላይ ሥርዐት ሲተከል፣ እጁን ከቁልፎች ማንሣት የማይሻ ጸሐፊ ሲሠራ ዛሬም ያገለግላል። ስለዚህ ተርጓሚው የዚህን ገጽ ክፍሎች በአማርኛ ጠርቶ፣ መመሪያውንም በአማርኛ ጽፎ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ስያሜው ከባዕዱ ቃል ፍች ሳይሆን ከነገሩ አሠራር እንዲወጣ፣ አንዱ ቃል ለብቻው ሳይሆን ከነቤተ ሰቡ እንዲመረጥ ነው። ይህ ለቋንቋ ውበት ብቻ ሲባል የቀረበ አይደለም። በዚህ መስክ የሚፈጸም የስያሜ ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም፤ የአንድን ሠራተኛ የሙሉ ቀን ድካም በአንዲት ቁልፍ ያስጠፋልና።

1. ገጹ ገበታ ነው

ከስያሜው በፊት አሠራሩን እንመልከት። ተርሚናል የሚባለው መሣሪያ የሚያሳየው ገጽ እንደ ፊደል ገበታ በረድፍና በዐምድ የተከፋፈለ ነው። ልጆች የሚቆጥሩት የፊደል ገበታ 33 ረድፍና 7 ዐምድ፣ በድምሩ 231 ቦታ አለው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውና ለብዙዎች አርኣያ የሆነው ቪቲ 100 ተርሚናል ደግሞ 24 ረድፍና 80 ዐምድ፣ በድምሩ 1920 ቦታ ነበረው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) የ80 ዐምዱ ልማድ አይ ቢ ኤም በ1928 ካወጣው የተበሳ ካርድ ጀምሮ የመጣ ነው። እያንዳንዱን ቦታ በሠንጠረዥ ሥራ እንደ ተለመደው «ሕዋስ» ብንለው ይበቃል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ አንድ ፊደል ይቀመጣል፤ ግማሽ ሕዋስ የለም። በገጹ ላይ የሚታየው የሣጥን ጠርዝ እንኳ የተሣለ መስመር ሳይሆን ጎን ለጎን የተደረደረ የመስመር ምልክት ነው።

በቀድሞው ጊዜ እያንዳንዱ የተርሚናል ፋብሪካ ጠቋሚውን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያንቀሳቅስበት የየራሱ ምስጢራዊ ምልክት ስለ ነበረው፣ ለአንዱ ተርሚናል የተጻፈ ፕሮግራም ለሌላው አይሆንም ነበር። በ1980 ገደማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ኬን አርኖልድ ይህን ችግር የሚያቃልል የፕሮግራም ስብስብ አዘጋጀ። ስሙም «ከርስስ» ተባለ። ስሙ የጠቋሚን እንቅስቃሴ ከማሳጠር ሐሳብ የተወሰደ ሲሆን በእንግሊዝኛ «እርግማን» ማለትም በመሆኑ ቅኔያዊ ነው፤ ሰሙ እርግማን፣ ወርቁ ጠቋሚ ነው ልንል እንችላለን። ነጻው ተከታዩ «ኤንከርስስ» በ1993 ወጣ።

ከርስስ የሚሰጠው ባዶ መስኮትና መጻፊያ ብቻ ነበር፤ አዝራሩንና ዝርዝሩን የሚሠራው ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ ነው። ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ በ1990 ያወጣው ተርቦ ቪዥን፣ ኋላም በፓይተን ቋንቋ ለሚጽፉ በ2021 የቀረበው ቴክስቹዋል፣ አዝራሩን፣ ምናሌውን፣ የመሙያ ሣጥኑን ተሠርቶ ያለቀ አድርገው ያቀርባሉ። ጸሐፊው የሚፈልገውን መርጦ በገጹ ላይ ያሰፍራል እንጂ ከመጀመሪያው አይቀርጽም። የስያሜውም ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

2. ዕቃና ዕቃ ቤት

የአዝራሩ፣ የመሙያ ሣጥኑ፣ የዝርዝሩና የምናሌው የወል ስም በእንግሊዝኛ «ዊጄት» ይባላል። ተርጓሚው በመዝገበ ቃላት የዚህን ቃል ፍች ሲያስስ ብዙ ይደክማል። ቃሉ በ1924 ኒው ዮርክ ውስጥ በታየ አንድ አስቂኝ ቴአትር ላይ ምንነቱ የማይነገር የፋብሪካ ምርት ስም ሆኖ ይገኛል። ወደ በይነ ገጽ ሥራ የገባው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተካሄደው የአቴና ፕሮጀክት ነው። በ1988 ራልፍ ስዊክና ማርክ አከርማን ምርጫውን ሲያስረዱ፣ ሌሎቹ የታወቁ ቃላት ሁሉ የማይስማማ ትርጉም ስለ ተሸከሙ ይህን መውሰዳቸውን ገልጸዋል። እንግዲህ የቃሉ ብቃት ባዶነቱ ነው። በውስጡ የሌለውን ትርጉም ፈልጎ ወደ አማርኛ ለማምጣት መሞከር ከንቱ ድካም ይሆናል።

በአማርኛ የቀረቡትንና ሊቀርቡ የሚችሉትን ዕጩዎች በተራ እንመርምር። «ዊጄት» እንዳለ ቢወሰድ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በአማርኛ ዘመድ የሌለው ብቸኛ ቃል ሆኖ ይቀራል። «መሣሪያ» ለኮምፒዩተሩ አካል፣ ለሥራ መገልገያና ለጦር ትጥቅም ስለሚነገር ተጨማሪ ሸክም አይችልም። «ክፍል» ለትምህርት፣ ለቤትና ለጽሑፍ ክፍልፋይ ተይዟል። «አካል» ከሰውነት የማይነጠል ነገርን ያሳስባል፤ የምንሰይመው ግን ከአንዱ ገጽ ተነሥቶ በሌላው ሊሰፍር የሚችል ነው። በባዶነቱ ለእንግሊዝኛው ቃል ቁርጥ አምሳያ የሚሆነው «እንትን» ነበር፤ ይሁን እንጂ በነገር መሸፋፈኛነቱ የታወቀ ስለ ሆነ በመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሊያስቅ እንጂ ሊያስረዳ አይችልም።

እኛ የምንመርጠው «ዕቃ» የሚለውን ነው። ዕቃ ለብቻው ሲነገር ምንነቱ አይታወቅም፤ የቤት ዕቃ፣ የሸክላ ዕቃ፣ የእጅ ዕቃ ሲባል ግን ይለያል። ባለ ሙያ አበጅቶ ያስቀመጠው፣ ተጠቃሚው አንሥቶ በፈለገበት የሚያኖረው ነገር ነው። ስለዚህ ሙሉ ስሙን «የገጽ ዕቃ»፣ በአጭሩ «ዕቃ» እንበለው።

የዚህ ምርጫ ጥቅም በቀጣዩ ቃል ይገለጣል። እነዚህ ዕቃዎች ተሰብስበው የሚቀርቡበት የፕሮግራም ስብስብ በእንግሊዝኛ «ላይብረሪ» ስለሚባል ተርጓሚዎች «ቤተ መጻሕፍት» ሲሉት ይታያል። ይህ ትርጉም ለቃሉ ቢታመንም ለነገሩ አይታመንም። ጸሐፊው ከዚያ ገብቶ የሚያነበው መጽሐፍ የለም፤ ወጪ አድርጎ የሚሠራበት ዕቃ እንጂ። በአማርኛ ዕቃ ተቆጥሮ የሚቀመጥበት፣ ሲያስፈልግም የሚወጣበት ስፍራ «ዕቃ ቤት» ነው። «ጽሑፋዊ በይነ ገጽ በዕቃ ቤት መገንባት» ስንል ማንም አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። አንዱ ቃል በትክክል ሲመረጥ ሁለተኛው በራሱ እንደሚመጣ ይህ ምስክር ነው።

3. ተራና ተረኛ

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው «ፎከስ» የሚባለው ነው። በገጹ ላይ ብዙ ዕቃዎች ቢኖሩም፣ ቁልፍ ሲመታ የሚቀበለው አንዱ ብቻ ነው። ታብ የተባለው ቁልፍ ሲጫን ይህ መብት ወደሚቀጥለው ዕቃ ያልፋል። የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን የመጀመሪያ ፍቹ «ምድጃ» ነው፤ ኬፕለር በ1604 ስለ ብርሃን ሲጽፍ ጨረሮች ለሚሰበሰቡበት ነጥብ ተጠቀመበት። ተርጓሚዎች ይህን ሁለተኛ ፍች ተከትለው «ትኩረት» ይሉታል።

ይሁን እንጂ ትኩረት የሚመለከት ሰው ጠባይ ነው። የተጠቃሚው ዐይን «ምሳሌ» በሚለው ሣጥን ላይ ሳለ፣ ቁልፉን የሚቀበለው ዕቃ «አጥፋ» የሚለው አዝራር ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ተጠቃሚው ኢንተርን ቢጫን ካርዱ ይጠፋል። መመሪያው «ትኩረቱ ያለበት ዕቃ ቁልፉን ይቀበላል» የሚል ከሆነ ግን ሰውዬው የራሱ ትኩረት ያለው በሣጥኑ ላይ ነበርና አልተሳሳተም። የተሳሳተው ቃሉ ነው። ስያሜው አደጋውን ማስጠንቀቅ ሲገባው ሸፍኖታል።

አሠራሩን እንደገና ብንመረምረው አራት ጠባይ አለው፤ በአንድ ጊዜ የአንድ ብቻ ነው፤ በቅደም ተከተል ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ የማይገባው ይዘለላል፤ የደረሰው የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ይህ በአማርኛ «ተራ» ነው። ተራው የደረሰውም «ተረኛ» ይባላል፤ ተረኛ ዘበኛ፣ ተረኛ ሐኪም፣ ተረኛ ፋርማሲ እንደምንል። ሌሊት የመጣውን በሽተኛ ወይም እንግዳ የሚቀበል እርሱ ነው፤ የሚመጣው ሰው ወዴትም ቢመለከት ተረኛው አይለወጥም። ስለዚህ በመመሪያው ላይ «ተራውን ለማሳለፍ ታብን ይጫኑ፤ የሚጽፉት ሁሉ ወደ ተረኛው ዕቃ ይገባል» ብንል ትእዛዙም ማስጠንቀቂያውም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል።

«ተራ» የሚለው ቃል «ተራ ሰው» እና «በርበሬ ተራ» በሚሉት አነጋገሮች ሌላ ፍች አለው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን «ተረኛ» አንድ ፍች ብቻ ስላለው አሻሚ በሚሆንበት ቦታ ሁሉ «ተረኛ» የሚለውን ማስቀደም ይቻላል።

4. መስኮት፣ ማደስ፣ ሐረግ

አንዳንድ ጊዜ የተለመደው ትርጉም ከተገመተው በላይ ተስማሚ ሆኖ ይገኛል። «መስኮት» የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል ይተረጉማል። በከርስስ ውስጥ መስኮት የሚባለው በውስጡ የሚታይ ነገር ያለበት ክፍተት ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ የተያዘ አራት ማዕዘን ቦታ ነውና የቤት መስኮት ምሳሌነቱ ደካማ ነው። በአማርኛ ግን መስኮት ሌላም አገልግሎት አለው፤ በመሥሪያ ቤት «መስኮት ቁጥር 3 ይሂዱ» ስንባል ጉዳይ የምናስፈጽምበትን ስፍራ ማለት ነው። ለጥያቄና መልስ የሚከፈተው መስኮት ከዚህኛው ጋር ይስማማልና ቃሉ ይጽና።

«ማደስ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከርስስ ገጹን ሲያድስ 1920ውን ሕዋስ ሁሉ እንደ አዲስ አይጽፍም። በማስታወሻው የያዘውን ገጽ በተርሚናሉ ላይ ካለው ጋር አስተያይቶ የተለወጡትን ሕዋሳት ብቻ ይልካል። በእንግሊዝኛ «ሪፍሬሽ» የሚለው ቃል ይህን አይናገርም። በአማርኛ ግን ቤት አደሰ ስንል አፍርሶ ሠራ ማለታችን አይደለም፤ ያረጀውን ለይቶ ጠገነ ማለታችን እንጂ። እዚህ ላይ ትርጉሙ ከምንጩ ይልቅ ለአሠራሩ ይቀርባል።

በአንጻሩ «ዛፍ» የሚለው መታረም ይገባዋል። አንዱ ዕቃ ሌላውን በውስጡ ሲይዝ ያዡ ወላጅ፣ የተያዘው ልጅ ይባላል። ገጹ አዝራሮቹን የያዘውን ሣጥን ይወልዳል፤ ሣጥኑም አዝራሮቹን። ይህን ዝምድና እንግሊዝኛ በዛፍ ይመስለዋል። እኛ ግን ትውልድን የምንቆጥረው በሐረግ ነው፤ የዘር ሐረግ እንላለን። የሥነ ልሳን ባለ ሙያዎች «ሐረግ» በሰዋስው የቃላት ጥምረት መጠሪያ መሆኑን ሊያሳስቡን ይችላሉ፤ ስለዚህ ሙሉው ስም «የዕቃዎች ሐረግ» ይሁን። ተረኛው ዕቃ የማያውቀው ቁልፍ ሲደርሰው ለወላጁ ያሳልፈዋል፤ ወላጁም ካላወቀው ወደ ላይ ይቀጥላል። እንግሊዝኛው ይህን በፈላ ውሃ አረፋ ይመስለዋል። «ለወላጅ ማሳለፍ» ብንለው አረፋው ይቀራል፤ ነገሩ ግን አይጎድልም።

5. አዝራሩ ለማን ይናገራል?

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። በእጅ የሚመታው «ቁልፍ»፣ በገጹ ላይ የሚታየው «አዝራር» ነው። ሁለቱም ቁልፍ ከተባሉ «ቁልፉን ይጫኑ» የሚለው መመሪያ የትኛውን እንደሚል አይታወቅም።

የእንግሊዝኛ ግሥ በአዝራር ላይ ሲጻፍ ጾታም አክብሮትም አያመለክትም። አማርኛ ግን «መዝግብ»፣ «መዝግቢ»፣ «ይመዝግቡ» እያለ ተናጋሪና ሰሚን እንድንለይ ያስገድደናል። በአንድ ገጽ ላይ አንዱ አዝራር «መዝግብ»፣ ሌላው «ያጥፉ»፣ ሦስተኛው «መውጣት» ቢል ማን ማንን እንደሚያዝ አይታወቅም። የምናቀርበው ደንብ ይህ ነው፤ አዝራር ተጠቃሚው ለኮምፒዩተሩ የሚናገረው ቃል ነውና በሁለተኛ መደብ ነጠላ ተባዕት ትእዛዝ ይጻፍ። የሚታዘዘው መሣሪያው ስለ ሆነ ሴት ተጠቃሚም ወንድ ተጠቃሚም ክብሯም ክብሩም አይጓደልም። ኮምፒዩተሩ ለተጠቃሚው የሚናገረው መልእክት ግን «ይጻፉ»፣ «ይምረጡ» እየተባለ በአክብሮት ይጻፍ። ድንበሩ ከተጠበቀ፣ «አጥፋ» የሚለውን ያነበበ ሰው መሣሪያው እንዲያጠፋ አዞኛል ብሎ አይሳሳትም።

ከዚህ የከፋው የ«ካንስል» ጉዳይ ነው። ይህን ቃልም፣ «ዲሊት» የሚባለውንም «ሰርዝ» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው። ውጤቱን እንመልከት፤ ገጹ «ይህ ካርድ ይሰረዝ?» ብሎ ይጠይቅና ከታች «እሺ» እና «ሰርዝ» የሚሉ አዝራሮችን ያቀርባል። ካርዱን ማዳን የፈለገ ሰው የትኛውን ይጫን? በእንግሊዝኛው ሐሳብ የሚያድነው «ሰርዝ» ነው፤ በአማርኛው ግን የሚያጠፋው እርሱ ይመስላል። ስለዚህ ለማጥፋት «አጥፋ»፣ የተጀመረውን ላለመቀጠል «ተው» እንበል። «ይህ ካርድ ይጥፋ?» ሲባል «አጥፋ» እና «ተው» ማንንም አያሳስቱም። መስኮቱ ሲከፈት ተረኛው አዝራር «ተው» መሆን አለበት፤ በችኮላ ኢንተርን የተጫነ ሰው ካርዱ ይተርፍለታልና። የቃሉና የአሠራሩ ምርጫ የማይነጣጠሉ መሆናቸው በዚህ ይታያል።

6. የፊደል ቁጥርና የሕዋስ ቁጥር

የስያሜ ርዝመት በመጽሐፍ ላይ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ በገበታ ላይ ግን የቦታ ጉዳይ ነው። በዚህ ረገድ ፊደላችን ባለ ጸጋ ነው። የእንግሊዝኛው «ካንስል» ስድስት ሕዋስ ሲይዝ፣ «ተው» ሁለት፣ «አጥፋ» ሦስት ይይዛል።

ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲመዘገብ፣ በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ሆነ፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ግን አንድ ባይት ነው። እንግዲህ «አጥፋ» ሦስት ሕዋስ፣ ዘጠኝ ባይት ነው። ዕቃ ቤቱ ባይትን እንደ ሕዋስ ከቈጠረ የአዝራሩ ጠርዝ ስድስት ሕዋስ ይዛነፋል፤ ሠንጠረዡም ይፈርሳል። ኤንከርስስ ለዚህ ሲባል ሰፊ ፊደሎችን የሚያስተናግድ የተለየ ዐይነት አለው። የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የቻይናን ፊደል ሰፊ ብሎ ሁለት ሕዋስ ሲያሰጠው፣ የእኛን እንዲህ አልመደበውምና በአንድ ሕዋስ ይቀመጣል። ስለዚህ «ጨ» እና «ሟ» የላቲን ፊደል በሚይዘው ጠባብ ሕዋስ ውስጥ ይጨናነቃሉ። የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ደግሞ «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ያለውን ልዩነት በጥብቀት ምልክት ማሳየት ይፈልጋል፤ ይህ ምልክት በፊደሉ ራስ ላይ የሚያርፍ ስለ ሆነ የራሱ ሕዋስ ሊሰጠው አይገባም።

ሁለተኛው ወጥመድ የአቋራጭ ቁልፍ ነው። በእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ከአዝራሩ ስም አንዱ ፊደል ተለይቶ ይቀለማል፤ እርሱን መምታት አዝራሩን እንደ መጫን ነው። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ዘዴዎች ግን አንድ ፊደል የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ምት ነው። ተርጓሚው ፊደል አቀለመ ማለት የማይሠራ ተስፋ ሰጠ ማለት ነው። ይልቁንስ «ኤፍ 2 መዝግብ»፣ «ኤፍ 8 አጥፋ» እየተባለ ቁጥር ያላቸው ቁልፎች ይመደቡ።

መደምደሚያ

ከ1974 በኋላ በነበሩት ዓመታት «ኅብረተሰብአዊነት» የሚለው ቃል ቦታውን ለ«ሶሻሊዝም» ሲለቅ፣ «ወዛደር» ግን ጸንቶ ቆይቶ ነበር። «ወዛደር» ከወታደርና ከአርብቶ አደር ጋር ቤተ ሰብ መሆኑ ለዚህ ሳይረዳው አልቀረም ብለን እናምናለን። ብቻውን የቆመ ቃል በባዕዱ ይሸነፋል፤ ዘመድ ያለው ግን ይደገፋል።

በዚህ ጽሑፍ ያቀረብናቸውን ስያሜዎች ለመጠቅለል ያህል፦

የገጽ ዕቃ፦ በገጹ ላይ የሚሰፍር፣ ተሠርቶ ያለቀ አባል።
ዕቃ ቤት፦ የገጽ ዕቃዎች ተሰናድተው የሚገኙበት የፕሮግራም ስብስብ።
ተራ፦ ቁልፍን የመቀበል መብት።
ተረኛ፦ ተራው የደረሰው ዕቃ።
የዕቃዎች ሐረግ፦ ያዥና ተያዥ ዕቃዎች የሚተሳሰሩበት የወላጅና የልጅ ዝምድና።
ማደስ፦ የተለወጡትን ሕዋሳት ብቻ ለይቶ መጻፍ።
አዝራር፦ በገጹ ላይ የሚታይ የትእዛዝ ዕቃ፤ ከቁልፍ የሚለይ።
ተው፦ የተጀመረው ተግባር እንዳይቀጥል የሚያዝ አዝራር።

መስኮት፣ ምናሌ፣ ጠቋሚ፣ ሕዋስና ተርሚናል የሚሉትን እንዳሉ ትተናቸዋል፤ የሚሠራን ቃል መንቀል አዲስ ከመትከል ይልቅ ይጎዳልና። ያቀረብናቸው ስያሜዎች የሚፈተኑት በጽሑፍ ክርክር ብቻ አይደለም። ተርጓሚው የካርዱን ገጽ በእነዚህ ቃላት አበጅቶ፣ ኮምፒዩተር ለማያውቅ ባልደረባው ሰጥቶ፣ ያለ ማብራሪያ ካርድ እንዲሞላና አንዱን እንዲያጠፋ ይጠይቀው። ባልደረባው የፈለገውን ብቻ አጥፍቶ የቀረውን ካዳነ ቃላቱ ጸንተዋል፤ ካልሆነም የሚታረመው ሰውዬው ሳይሆን ቃሉ ነው።